ርኅራኄና ግዴታ በሕሙም አልጋ አጠገብ

«ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» የሚለው ብሂል በየቤቱ ይነገራል፤ እውነትነቱን የሚጠራጠርም እምብዛም የለም። ጥያቄ የሚነሣው «የትኛው ሰው፣ ለየትኛው ሰው?» በተባለ ጊዜ ነው። እናት ለልጅዋ፣ ወንድም ለእኅቱ መድኃኒት መሆኑ ከተፈጥሮ ትስስር የመነጨ ስለሆነ ማብራሪያ አይሻም። ነገር ግን ከሕሙሙ ጋር አንዳች የሥጋ ዝምድና የሌላት፣ ስሙን ከካርዱ ላይ ያነበበች፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን እንኳ የማታውቅ የሃያ ዓመት ወጣት እኩለ ሌሊት ላይ ተነሥታ ቁስሉን እንድታጥብ የሚያደርጋት ምንድን ነው? ደመወዝ እንዳይባል ተማሪ ናት። ዝምድና እንዳይባል ባዳ ናት። ሕግ እንዳይባል፣ ሕግ ቁስሉ መታጠቡን ሊቆጣጠር ይችላል እንጂ ያጠበው እጅ በአክብሮት ይሁን በመጸየፍ መሥራቱን ለይቶ ሊዳኝ አይችልም።

ይህ ጥያቄ የፍልስፍና መጻሕፍት ጥያቄ ብቻ አይደለም። በወልቂጤና በቡታጅራ ነጭ ጋዋን ለብሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሕሙማን ክፍል የሚገቡ ወጣቶች ሁሉ የሚገጥማቸው የዕለት ጥያቄ ነው። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው ጎዳና ላይ፣ ቡታጅራ ደግሞ በስተምሥራቅ ባለው የጉራጌ ምድር የተቆረቆሩ ከተሞች ናቸው። ሁለቱም ለረጅም ጊዜ በአንድ ዞን ሥር ሲተዳደሩ ኖረው፣ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. መመሥረቱን ተከትሎ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። በ2004 ዓ.ም. የተቋቋመውና በወልቂጤ አጠገብ በጉብሬ የሚገኘው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ አካባቢዎች የሚመጡ ተማሪዎችን ይቀበላል። ስለሆነም በአንድ የሕሙማን ክፍል ውስጥ የብዙ አገር አስተዳደግ፣ የብዙ ቤት ትምህርትና የብዙ እናት ምክር ይገናኛል።

ከቤት ይዞ የሚመጣ ስንቅ

የነርስ ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት ባዶ እጇን አትመጣም። ከመጀመሪያው የሰውነት ክፍሎች ትምህርት በፊት ሌላ ትምህርት ተምራለች፤ ይኸውም የታመመ ሰው በቤትና በመንደር እንዴት እንደሚያዝ ማየት ነው። በጉራጌ ምድር ይህ ትምህርት ሀብታም ነው። መኪና በማይደርስበት ቀበሌ አንድ ሰው ሲታመም ጎረቤት ይጠራል፣ ቃሬዛ ይዘጋጃል፣ ጎልማሶች እየተፈራረቁ ተሸክመው ዳገቱን ይወጣሉ፣ ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው በዚህ ሸክም ላይ በግልጽ ይታያል። ዕድሩ ለቀብር ብቻ የቆመ አይደለም፤ ሕሙም ይጠይቃል፣ አስታማሚ ሲደክመው ተተኪ ይልካል፣ ለተቸገረው ያዋጣል። ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ለሥራ የወጣው የጉራጌ ተወላጅ ለመስቀል ወደ ትውልድ መንደሩ ሲመለስ በመጀመሪያ ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ የታመሙትንና ያረጁትን መጠየቅ ነው። በሕዝብ መዋጮ የተሠሩት የጉራጌ መንገዶችም ዓላማቸው ብዙ ቢሆንም፣ ለሕሙሙ የሰጡት ጥቅም ግን አንድና ግልጽ ነው፤ ከቃሬዛው ላይ የሚቆይበትን ሰዓት አሳጥረውለታል።

ይህን አይታ ያደገች ልጅ የሕመምን ክብደት ለመረዳት ትልቅ መንደርደሪያ አላት። ይሁን እንጂ የቤት ስንቅ ወሰን እንዳለው መታየት አለበት። የመንደር ርኅራኄ የሚያውቀውን ሰው ያውቃል። የሚሸከመው «የእገሌን ልጅ» ነው፤ የሚጠይቀው የዕድሩን አባል ነው። በሕሙማን ክፍል ውስጥ ግን ሦስት አልጋዎች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል እንበል። በአንደኛው የተኙት አዛውንት ጠያቂያቸው በር ያጣብባል፤ ቆጮውም፣ ሾርባውም፣ ትኩስ ወተቱም በየተራ ይመጣላቸዋል። በሁለተኛው የተኛችው ልጅ እናቷ ከራስጌዋ አትለይም። በሦስተኛው የተኛው የቀን ሠራተኛ ነው፤ ሥራ ፍለጋ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ከግንባታ ላይ ወድቆ አብረውት በሚሠሩ ሰዎች ሆስፒታል ደጃፍ የደረሰ ነው። ጠያቂ የለውም።

በአገራችን ሆስፒታሎች ብዙው የዕለት እንክብካቤ፣ ማብላቱ፣ ማጠቡ፣ ደግፎ ማስነሣቱ፣ መድኃኒት ሮጦ መግዛቱ፣ በአስታማሚ ትከሻ ላይ የወደቀ ነው። እንግዲህ አስታማሚ የሌለው ሕሙም ያጣው ዘመድ ብቻ አይደለም፤ ከሕክምናው ግማሹን አጥቷል ማለት ይቻላል። የተማሪዋ እሴት የሚፈተነው በዚህ በሦስተኛው አልጋ አጠገብ ነው። ወደ አዛውንቱ ብትሄድ ምርቃት አለ። ወደ ልጅቱ ብትሄድ የእናት ምስጋና አለ። ወደ ሦስተኛው ብትሄድ ግን ሥራ ብቻ ነው የሚጠብቃት። ከቤት የመጣው ርኅራኄ እስከ ሁለተኛው አልጋ ድረስ ያደርሳታል፤ ወደ ሦስተኛው ለመድረስ ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

ስሜት ሲደክም

ያ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ ፈላስፎች ብዙ ተከራክረውበታል። ጀርመናዊው ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ የሰው ድርጊት ግብረ ገባዊ ዋጋ የሚኖረው ከስሜት ዝንባሌ ሳይሆን ከግዴታ ሲመነጭ መሆኑን አስተምሯል። በራሱ ኀዘን ተውጦ ለሌላው የማዘን ስሜቱ የጠፋበት ሰው፣ ግዴታው ስለሆነ ብቻ ሌላውን ቢረዳ ሥራው ዋጋ ያለው በዚያን ጊዜ ነው ይላል። ከእርሱ እጅግ ቀደም ብሎ የኖረው አሪስጣጣሊስ ደግሞ በጎነት በልማድ የሚገነባ ነው፤ ሰው ፍትሐዊ ሥራ በመሥራት ፍትሐዊ ይሆናል፣ በድፍረት በመሥራት ደፋር ይሆናል ሲል አስተምሯል። ሁለቱ በብዙ ነገር ቢለያዩም አንድ ነገር ላይ ለነርሷ ይጠቅሟታል፤ ሁለቱም በጎነትን ለአፍታ ለሚነድድ ስሜት አሳልፈው አይሰጡም።

የሕሙማን ክፍል ኑሮ ይህን ያረጋግጣል። ራሱን ማንቀሳቀስ የማይችል ሕሙም ገላው በአልጋው ተጭኖ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ገደማ መገላበጥ ይኖርበታል። በመጀመሪያው ሌሊት ተማሪዋ በኀዘኔታ ትገለብጠዋለች። በሁለተኛው ሌሊትም እንዲሁ። በአሥረኛው ሌሊት ግን ኀዘኔታው ከእንቅልፍ ጋር ይታገላል፤ ብዙ ጊዜም እንቅልፍ ያሸንፋል። ስሜት ብቻ የሚመራት ከሆነ በአሥረኛው ሌሊት ሕሙሙ ሳይገላበጥ ያድራል፤ ገላውም ይቆስላል። ቁስሉ ደግሞ «አዝንልህ ነበር» የሚል ቃል አያድነውም። ስለሆነም በነርስነት ሙያ ርኅራኄ ማለት በመጨረሻ ትርጉሙ ሰዓትን ማክበር፣ እጅን መታጠብ፣ የመድኃኒቱን መጠን ሁለት ጊዜ ማየት፣ ያዩትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ በሕሙሙ መዝገብ ላይ መጻፍ ነው። እነዚህ ሥራዎች ደረቅ መስለው ይታያሉ። ዳሩ ግን ፍቅር በማያውቁት ሰው ዘንድ የሚገለጥባቸው መልኮች እነዚህ ናቸው።

በአንጻሩ፣ ግዴታውን ሁሉ እየፈጸመ ፊቱን የሚያጨልም ሠራተኛ አለ። መርፌውን በሰዓቱ ይወጋል፤ ግን እንደ ዕቃ ይወጋል። አማርኛው «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላል። ይህ ብሂል አንዳንድ ጊዜ በስሕተት ይተረጐማል፤ ፍትፍቱ ባይኖርም ፊት ይበቃል እንደማለት ይወሰዳል። ብሂሉ ግን የተነገረው ማዕድ ከቀረበ በኋላ ነው። እንግዳው ፍትፍቱን ሊበላ የሚችለው በፊቱ ተቀባይነት ሲያገኝ ነው ማለቱ ነው። በሕሙም ዘንድም እንዲሁ ነው። የተሰደበች ወላድ ለሚቀጥለው ልጅዋ ወደ ጤና ጣቢያው ላትመለስ ትችላለች፤ የተመናጨቀ ሕሙም ዋናውን ምልክት ደብቆ ይወጣል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲባል ጥፋቱ ሁልጊዜ በሸሻጊው ላይ ይጣላል። ያሸሸገው ፊትስ? የነርሷ ፊት የምርመራው አካል ነው።

መንግሥት ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. ባወጣው የጤናው ዘርፍ የሽግግር ዕቅድ ውስጥ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና ዋና አጀንዳዎች አንዱ አድርጎ ነበር። በዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ርኅራኄ በዕቅድ ይታዘዛልን? ከዚህም በላይ፣ ጓንት በሚያልቅበት፣ ውሃ በሚቋረጥበት፣ አንዲት ነርስ የብዙ ሰው ሥራ በምትሠራበት ክፍል ውስጥ ለተማሪ ስለ እሴት መስበክ የተቋምን ጉድለት በግለሰብ ኅሊና ላይ መጫን አይደለምን? ተቃውሞው ችላ ሊባል አይገባውም። የደከመን ሰው በስብከት ማሳረፍ አይቻልም፤ የሌለ ጓንትም በመልካም ፈገግታ አይተካም። ነገር ግን ከዚህ እውነት «እንግዲያውስ እሴት ከንቱ ነው» የሚል ድምዳሜ አይወጣም። የጎደለው ነገር ጎደለ ተብሎ እንዲጻፍ፣ እንዲነገር፣ እንዲሟላ የምትጠይቀው ሕሙሙ የሚገባውን ክብር የምታውቅ ነርስ ናት። ክብሩን የማታውቀው ጉድለቱን ትለምደዋለች።

መቁጠርም ርኅራኄ ነው

እንግሊዛዊቷ ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1854 ወደ ክሪሚያ ጦርነት ሆስፒታሎች በዘመተች ጊዜ በሌሊት ፋኖስ ይዛ በቁስለኞች መካከል ስትዘዋወር የሚያሳየው ሥዕል በዓለም ሁሉ ታውቋል። ሥዕሉ ያልያዘው ሌላው ግማሽ ሥራዋ መቁጠር ነበር። ወታደሮቹ ከጥይት ይልቅ በንጽሕና ጉድለት በሚመጣ በሽታ እንደሚሞቱ በአኃዝና በንድፍ አሳይታ መንግሥትን ሞገተች።

የቡታጅራ ስም በሕክምና ዓለም የታወቀው በዚሁ በመቁጠር ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም ጀመረ። ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመረጡ። ከአካባቢው የተመለመሉ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደገባና ማን እንደወጣ መዘገቡ። ከዚያ በፊት በአንድ ጎጆ ውስጥ የሞተ ሕፃን ለእናቱ ኀዘን ነበረ፤ ለአገሩ ግን አልሞተም፤ እንደተወለደም አይታወቅም ነበርና። መዝገቡ ያንን ሕፃን ሰው ብሎ ቆጠረው። የነርስ ተማሪ የሙቀት መለኪያውን አይታ ቁጥሩን ስትጽፍ የምትሠራው ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም። ሳታይ የገመት ቁጥር ብትጽፍ ግን ወረቀት አበላሸች ብቻ አይባልም፤ አንድን ሰው ከመታየት አውጥታዋለች።

ከወልቂጤ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ሌላ ምሳሌ ይሰጣል። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1969 በካቶሊክ የሕክምና ሚሲዮን እኅቶች የተቋቋመ ሲሆን፣ ምጣቸው አስቸጋሪ ሊሆን ይችላል ተብለው የተለዩ እርጉዞች ቀናቸው ሳይደርስ መጥተው በግቢው ውስጥ የሚቆዩበት የእናቶች ማቆያ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 በዚያ የተመዘገቡ 24,148 ወሊዶች ተጠንተዋል። ከእነዚህ መካከል 6,805 እናቶች በማቆያው በኩል ያለፉ፣ 17,343 ደግሞ በቀጥታ ከቤታቸው የመጡ ነበሩ። በማቆያው ካለፉት ዘንድ ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር የእናቶች ሞት 90 ገደማ ሲሆን፣ በቀጥታ ከመጡት ዘንድ ግን 1,333 ነበር። ሞተው የተወለዱትም ከ1,000 ወሊዶች በመጀመሪያው ወገን 18 ገደማ፣ በሁለተኛው 191 ነበሩ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጥ ከጠናባቸውና ችግር ከደረሰባቸው በኋላ የደረሱ በመሆናቸው ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ሥራ ነው አይባልም። ይሁንና ማቆያው የቆመው ያንኑ መዘግየት ለመቅደም ነው። ለነርስ ተማሪዋ የሚሰጠው ትምህርትም በዚህ ውስጥ አለ። ስትጮኽ የመጣችውን ወላድ መርዳት ለማንም ልብ ቅርብ ነው። ገና ያልታመመችውን፣ ሆዷን ይዛ በማቆያው ደጃፍ ፀሐይ የምትሞቀውን ሴት በየቀኑ ሄዶ የደም ግፊቷን መለካት፣ እግሯ ማበጡን ማየት፣ «ራስሽን ያምሻል?» ብሎ መጠየቅ ግን አርቆ የሚያይ እሴት ይጠይቃል። ያልደረሰ አደጋ አያስጮኽም፤ የከለከለውም ሰው አይመሰገንም።

ለዚህ ጉዳይ በኢትዮጵያ የነርስነት ታሪክ ውስጥ አንድ አሳዛኝ ማስታወሻ አለ። በስደት ዘመን በለንደን የነርስነት ሙያ ተምራ የተመለሰችው ልዕልት ፀሐይ በ1934 ዓ.ም. በነቀምት ያረፈችው ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም ነበር። ሙያውን የምታውቅ የንጉሥ ልጅ እንኳ በወቅቱ የሚደርስ እርዳታ ካጣች አልተረፈችም። በቃሬዛ የምትመጣው የገጠር እናትማ እንዴት ትሆን?

አክብሮት በአንደበትና በምስጢር

አማርኛ ለአክብሮት ልዩ መሣሪያ የሰጠ ቋንቋ ነው። «አንተ» እና «እርስዎ» መካከል ያለው ርቀት አንድ ቃል ነው፤ ነገር ግን ሽበት ያላቸው አባት በታመሙበት ቀን በልጅ ልጃቸው ዕድሜ ባለች ተማሪ «ተነሥ፣ ዙር» ሲባሉ ከበሽታው የበለጠ ይወጋቸዋል። ልብሳቸውን አውልቀው፣ ጉልበታቸው ከድቷቸው፣ በሰው እጅ በወደቁበት ሰዓት የቀረላቸው ክብር በዚያች ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው። «አባቴ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ» ለማለት ተጨማሪ ገንዘብም ተጨማሪ ጊዜም አይጠይቅም።

ቋንቋ ሌላም ፈተና አለው። ከሰባት ቤት ጉራጌ ወይም ከመስቃን ገጠር የመጡ እናት አማርኛ ላይዘልቁ ይችላሉ፤ ተማሪዋ ደግሞ ጉራጊኛ አታውቅም። ብዙ ጊዜ መፍትሔው አብሮ የመጣውን ልጅ አስተርጓሚ ማድረግ ይሆናል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የእናቱን የማሕፀን ደም መፍሰስ እንዲተረጉም ሲጠየቅ እናትየው ምን ያህሉን ትናገራለች? ሕመሙ ይጠባል፣ ቃሉ ይሸሸጋል፣ ሕክምናውም በተሸሸገው ላይ ይቆማል። በዚህ ጊዜ ቋንቋውን የምታውቅ ሴት የሥራ ባልደረባን ፈልጎ መጥራት፣ መጋረጃውን መሳብ፣ ልጁን በዘዴ ወደ ውጭ መላክ ትንሽ የሚመስሉ ትልልቅ ሥራዎች ናቸው። ጥቂት የጉራጊኛ ቃላት ተምራ «የት ጋ ያምዎታል?» ማለት የቻለች ተማሪ ደግሞ ከብዙ መሣሪያ የሚበልጥ መሣሪያ ጨብጣለች።

ከምስጢር ቀጥሎ የፈቃድ ጉዳይ ይመጣል። ለቀዶ ሕክምና ፈቃድ ሲጠየቅ ዓይን ሁሉ ወደ ባል ወይም ወደ ቤተ ዘመድ ሽማግሌ ይዞራል። የቤተሰብ ምክር ክቡር ነው፤ ሕሙሙን የሚሸከመውም እርሱ ነውና ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን የምትቀደደው የሴቲቱ ገላ ነው። እርሷን ሳይጠይቁ በራሷ ላይ መወሰን ባህል ነው ቢባል፣ ከዚያው ምድር የተገኘ ሌላ ድምፅ ይቃወመዋል። በ19ኛው መቶ ዓመት በሰባት ቤት ጉራጌ የኖረችው የቃቄ ውርድወት በጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ ሴት በጋብቻዋ ላይ ፈቃድ ሊኖራት ይገባል ስትል ሞግታለች፤ ታሪኳም በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ታይቷል። እንግዲህ በወልቂጤ ሆስፒታል አንዲት ተማሪ ወደ ወላዷ ጎንበስ ብላ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብትል ባዕድ ሥርዓት አመጣች አይባልም። በአገሩ ታሪክ ውስጥ የተነሣ ጥያቄ መልሳ አነሣች እንጂ።

ሳይፈርዱ መርዳት

ከሁሉ የሚከብደው ፈተና የሚመጣው ሕሙሙን የጎዳው የገዛ ቤተሰቡ ሲመስል ነው። በቡታጅራና በአካባቢው እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በተካሄደ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ 68,378 ሰዎች ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለመለየት ተጠይቀዋል። ከተገኙት ሕሙማን አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው የማያውቁ ነበሩ። በኋላም በጉራጌ ሶዶ የተደረጉ ጥናቶች በሰንሰለት ታስረው የሚኖሩ ሕሙማንን ጉዳይ መርምረዋል። እጁ በሰንሰለት የቆሰለን ወጣት ይዞ የመጣ አባት ሲታይ የተማሪዋ ልብ ወዲያው ይፈርዳል፤ «ጨካኝ» ይላል። ጥናቱ ያሳየው ግን ሌላ ነው። ቤተሰቡ ያሰረው ልጁ ጠፍቶ አውሬ እንዳይበላው፣ መኪና እንዳይገጨው፣ ራሱንም ሌላውንም እንዳይጎዳ፣ መድኃኒት በቅርብ ወይም በአቅም ባለመገኘቱ ነው። ሰንሰለቱ በደል ነው፤ ያሰረው እጅ ግን ብዙ ጊዜ የሚወድ እጅ ነው።

ሁለቱን እውነቶች በአንድ ልብ መያዝ የበሰለ እሴት ምልክት ነው። «ባህላቸው ነው» ብሎ ሰንሰለቱን ማለፍ ሕሙሙን መክዳት ነው። አባቱን ማዋረድ ደግሞ በሚቀጥለው ቀጠሮ ልጁ እንዳይመጣ በሩን መዝጋት ነው። በሶዶ ጤና ጣቢያዎች ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው የአእምሮ ሕክምና መስጠት ሲጀምሩ የተገኘው ትምህርትም ይኸው ነው፤ ሰንሰለትን በሚገባ የሚፈታው በአቅራቢያ ሳይቋረጥ የሚገኝ መድኃኒትና ቤተሰቡን እየጎበኘ የሚያበረታ ባለሙያ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ድምዳሜ የነርስ ተማሪ እሴት በሦስት ደረጃዎች ያድጋል የሚል ነው። መጀመሪያ ከቤት የመጣው የዘመድ ርኅራኄ አለ፤ ይህ መሠረት ነውና ሊናቅ አይገባም። ቀጥሎ ርኅራኄው ስሜት በደከመበት ሰዓት እንዲቆም የሚያደርገው የሙያ ግዴታ ይመጣል። በመጨረሻም ግዴታው ልማድ ሆኖ፣ ልማዱ ጠባይ ሆኖ፣ ጠያቂ ወደሌለው ወደ ሦስተኛው አልጋ መሄድ ተማሪዋን የማያስቸግራት ተራ ነገር ይሆናል።

ይህ እድገት በፈተና ወረቀት ብቻ አይለካም። ተማሪ በመማሪያ ክፍል የሰማችውን ሳይሆን በሕሙማን ክፍል ያየችውን ትሠራለች። መምህሯ «ሕሙም ይከበራል» ብሎ አስተምሮ በአልጋው አጠገብ ስለ ሕሙሙ እንደሌለ ሰው ቢያወራ፣ ተማሪዋ የምትወርሰው ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ኀላፊነት የአስተማሪዎችና የነባር ነርሶች ነው። ቀጥሎ በየደረጃው ያሉ የሥራ ኀላፊዎች ጓንቱና ውሃው፣ የሰው ኃይሉም እንዲሟላ የማድረግ ግዴታ አለባቸው፤ ይህን ሳያደርጉ ርኅራኄን የመጠየቅ መብታቸው የሳሳ ነው። የኪነ ጥበብ ሰዎችም ድርሻ አላቸው። በመድረክና በልብ ወለድ ነርስ ብዙ ጊዜ ወይ መልአክ ወይ ቁጡ ሆና ትሣላለች። ሁለቱም ሥዕሎች ሥራዋን ይሸፍናሉ። በአሥረኛው ሌሊት እንቅልፏን ገፍታ የማታውቀውን ሰው የምትገለብጠው ወጣት ገና በሚገባ አልተሣለችም። እርሷን በልኳ አይቶ ያሳየ ደራሲ ለሙያው ከብዙ መመሪያ የበለጠ ያገለግለዋል፤ ሕሙሙም፣ አስታማሚውም፣ ራሷ ነርሷም ከነርስነት ምን መጠበቅ እንደሚገባ ከዚያ ይማራሉና።